የቻይናን ጥንታዊ የታሪክ ልቦለዶች በፖድካስት መተረክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሦስቱን መንግሥታት ታሪክ በአማርኛ መተረክ ከጀመርኩ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይመላለሱብኛል። ግማሾቹ ከአድማጮች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ «እኔም ልሞክረው» ብለው ማይክ ከገዙ ሰዎች። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለሱ ስላደከመኝ እዚህ ሰበሰብኳቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

የትኞቹ መጻሕፍት ናቸው?

በዋናነት ሁለት። አንደኛው «የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ» ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሉዎ ጓንጆንግ ጻፈው ይባላል። 120 ምዕራፍ አለው። ከ184 እስከ 280 ያለውን ዘመን ይተርካል፤ የሃን ሥርወ መንግሥት ሲፈርስ፣ አገሪቱ ዌይ፣ ሹ እና ዉ ተብላ ለሦስት ስትከፈል፣ በመጨረሻም በጂን ሥር ስትጠቃለል። ሁለተኛው «የውኃው ዳርቻ» ነው። ሻንዶንግ ውስጥ ልያንግሻን በሚባል ረግረግ የበዛበት ስፍራ የመሸጉ የ108 ሽፍቶች ታሪክ።

የዝንጀሮው ንጉሥ ያለበትን «ወደ ምዕራብ ጉዞ» የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መነሻው በ7ኛው መቶ ዘመን ወደ ሕንድ የሄደ እውነተኛ መነኩሴ ነው፤ ግን መጽሐፉ ተአምርና ጭራቅ የሞላበት ስለሆነ የታሪክ ልቦለድ አልለውም። ወደፊት እናያለን።

ትልቅ መጽሐፍ ነው። በወሬ መልክ ማውራቱ አያቀልለውም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ታሪኩ መጀመሪያ ወሬ ነበር። መጽሐፍ የሆነው ኋላ ነው።

ሉዎ ጓንጆንግ ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በሶንግ ዘመን፣ ካይፈንግ በምትባለው ዋና ከተማ የመዝናኛ ሰፈሮች ነበሩ። እዚያ ተራኪዎች በየድንኳኑ ቁጭ ብለው እየተከፈላቸው ያወራሉ። ሥራው የሦስቱን መንግሥታት ታሪክ መተረክ ብቻ የነበረ ሰው በስሙ ተመዝግቦ ይገኛል። ከ1037 እስከ 1101 የኖረው ባለቅኔ ሱ ሺ ደግሞ አንድ ነገር ጽፏል። የሰፈሩ ልጆች ቤት ውስጥ ሲያስቸግሩ ወላጆቻቸው ሳንቲም ሰጥተው ወደ ተራኪው ይልኳቸዋል። ልጆቹ የሹ መሥራች ሊዩ ቤይ ተሸነፈ ሲባል ፊታቸው ይጨልማል፤ የሚያለቅሱም አሉ። ጠላቱ ጻኦ ጻኦ ተሸነፈ ሲባል በደስታ ይጮኻሉ።

ልብ በሉ፣ መጽሐፉ ገና አልተጻፈም። ልጆቹ ግን ማንን መውደድ፣ ማንን መጥላት እንዳለባቸው ያውቃሉ።

በመጽሐፉ ውስጥም የተራኪው አፍ አልጠፋም። ምዕራፎቹ በአብዛኛው የሚያልቁት ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ሰይፍ ተመዘዘ፣ ቀስት ተወረወረ፣ በቃ። ከዚያ «ቀጥሎ የሆነውን ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ስሙ» ይላል። አንብቡ አይደለም፤ ስሙ። ሳንቲም ሰብሳቢው በተመልካች መሀል የሚያልፍበት ሰዓት ነው ብላችሁ አስቡት።

ትረካው እስከ ዛሬም አልሞተም። በቻይና ፒንግሹ የሚባል ጥበብ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንዲት ጉርድ እንጨት። እንጨቷን ጠረጴዛው ላይ ቷ ሲያደርጋት ያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል፤ ስሟም «ማንቂያ እንጨት» ነው። በ1980ዎቹ ዩዋን ኩዎቼንግ የተባለ ተራኪ የሦስቱን መንግሥታት በ365 ክፍል ለሬዲዮ ቀድቶታል። በዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ማለት ነው።

እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዓይኑ ሳያነብ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሚያውቀው ስንት ሰው ነው?

ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

«የውኃው ዳርቻ»። እኔ በሌላኛው ጀምሬ ነው ይህን የምላችሁ።

የሽፍቶቹ ታሪክ እንደ ዱላ ቅብብል ነው። አንዱን ሰው ለብዙ ምዕራፍ ትከተሉታላችሁ፤ እሱ መንገድ ላይ ሌላውን ያገኛል፤ ታሪኩ ወደዚያኛው ይተላለፋል። አድማጭ በአንድ ጊዜ መያዝ ያለበት ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነው። ዉ ሶንግ የተባለውን ብቻ ብትወስዱ፣ በባዶ እጁ ነብር ከገደለበት ጀምሮ አሥር ምዕራፍ ያህል የእሱ ነው። ያንጆው ከተማ የነበረው ታላቁ ተራኪ ዋንግ ሻኦታንግ እነዚያን ምዕራፎች ሲተርክ ቃል በቃል ተቀድቶ ሲታተም ወፍራም መጽሐፍ ሆነ።

የሦስቱ መንግሥታት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጦር ሠራዊት ይዞ ነው የሚመጣባችሁ።

ስሞቹ ያምታቱኛል። ምን ላድርግ?

እኔንም አምታተውኛል። መጽሐፉ ውስጥ በስም የተጠቀሱ ሰዎች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው ክፍሌ ላይ 14 ስም ጠራሁ። ያዳመጠችው እህቴ «ጥሩ ነው፣ ግን ማን ማንን ነው የገደለው?» አለችኝ። አጠፋሁትና እንደገና ቀዳሁት።

ለአማርኛ አድማጭ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ቻይናዎች የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ። እኛ «ሊዩ ቤይ» ስንሰማ ስሙ ሊዩ፣ አባቱ ቤይ ይመስለናል። ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ ሊዩ የዘር ስም ነው፣ ቤይ የራሱ። ይህን ሳናስረዳ ሊዩ ቤይ፣ ሊዩ ብያኦ፣ ሊዩ ጃንግ ተከታትለው ሲመጡ አድማጩ «ይሄ ሊዩ የሚባል ስም ምነው በዛ» ይላል። የሃን ነገሥታት የዘር ስም ስለሆነ ነው የበዛው። ሊዩ ቤይ ጫማና ምንጣፍ እየሸጠ የሚኖር ድሃ ሆኖ ሳለ ራሱን የዙፋን ዘመድ የሚያደርገው በዚህች በአንዲት ቃል ነው። ስለዚህ ስሙን ማስረዳት ታሪኩን ማስረዳት ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛ ስም አለ። ወንድ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው የክብር ስም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ እኩዮቹ የሚጠሩት በእሱ ነው፤ በራሱ ስም መጥራት ለወላጅ ወይም ለጌታ ነው የተፈቀደው። ጠላትን በራሱ ስም መጥራት ስድብ ነው። የሊዩ ቤይ አማካሪ ጁገ ልያንግ ኮንግሚንግ ይባላል፣ የጦር አዛዡ ጃንግ ፌይ ዪደ ይባላል። ይህን ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ ፈጅቼ ነበር። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል፦ «እንደ ፈረስ ስም አድርጋችሁ ያዙት»። አባ ታጠቅ ሲባል ካሳ መሆናቸውን፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ መሆናቸውን የሚያውቅ ጆሮ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነት አለው፤ የክብር ስም ከፈረስ ጋር አይገናኝም። ግን ጃንግ ፌይ ቻንግባን ድልድይ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ የጻኦ ጻኦን ሠራዊት ፊት ለፊት እያየ፣ «የየን አገሩ ጃንግ ዪደ እኔ ነኝ! ማን ነው ከኔ ጋር የሚሞት?» ብሎ ሲጮህ፣ ይህ ፉከራ ነው። «ዘራፍ» ልጨምርበት እጄን በልቶኝ ነበር። ተውኩት። ሰውየው ቻይናዊ ነው።

በተግባር የምከተለው ይህን ነው፦ በአንድ ክፍል ከሦስት በላይ አዲስ ስም አላስገባም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ብቻ እመርጣለሁ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ተናግሬ እተወዋለሁ። በሁለት ምዕራፍ ውስጥ የሚሞት ሰው ስም አያገኝም፤ «አንድ አዛዥ» ይበቃዋል። ለዋናዎቹ ደግሞ ጆሮ የሚይዘው ምልክት እሰጣለሁ። ጓን ዩ ባለ ረጅም ጢሙ ነው። ጃንግ ፌይ ድምፁ ነጎድጓድ ነው። ሊዩ ቤይ ጆሮው ትከሻው ላይ ይደርሳል፤ መጽሐፉ ራሱ ነው የሚለው።

እንዴት ነው የሚነበቡት? «ካኦ ካኦ» ነው «ጻኦ ጻኦ»?

ጻኦ ጻኦ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ሲ» በሚባለው ፊደል ስለሚጀምር ብዙ ሰው ካኦ ካኦ ይለዋል። ትክክለኛው ድምፅ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው የሚወጡበት ነው፤ እንደኛ ጸ አይጠብቅም፣ ግን ከካኦ ይልቅ ጻኦ በጣም ይቀርበዋል። በተረፈ ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጓን ዩ፣ ሱን ቿን፣ ኋ ሾንግ። ጓ፣ ቿ፣ ኋ ያለው ሰው ምን ጎደለበት! እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሦስት ፊደል ደርድረው የሚጽፉትን እኛ በአንድ ፊደል እንገላገላለን።

የድምፅ ከፍታና ዝቅታውን አልሞክርም። አማርኛ ዓረፍተ ነገር መሀል ሲገባ ሰውየው ድንገት የሚዘፍን ይመስላል።

ገጸ ባሕርያቱ «አንተ» ይባባላሉ ወይስ «አንቱ»?

እንግሊዝኛው ይህን አይነግራችሁም፤ ራሳችሁ መወሰን አለባችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ ጓደኛሞች፣ ሊዩ ቤይ፣ ጓን ዩና ጃንግ ፌይ፣ ኮክ በሚያብብበት አትክልት ቦታ ወንድማማችነት ይማማላሉ። በቻይንኛው ታናናሾቹ ሊዩ ቤይን «ታላቅ ወንድም» እያሉ ነው የሚጠሩት። «ታላቅ ወንድሜ ሆይ» ብዬ ስጽፈው ቀዘቀዘብኝ። «ጋሼ» ስለው ጃንግ ፌይ ሕይወት ዘራ። «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ አሁኑኑ ልግደለው?» ይላል። አከበረም፣ ነደደም።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን አንቱ ናቸው፤ ጃንሆይ ናቸው። ሺየን የሚባሉት የመጨረሻው የሃን ንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ነው የነገሡት። ከ196 ጀምሮ በጻኦ ጻኦ እጅ ናቸው። ጻኦ ጻኦ ምርኮኛውን እየሰገደ «ጃንሆይ ይፍቀዱልኝ» ይላል፤ ጃንሆይም ይፈቅዳሉ፤ ምን አማራጭ አላቸው? አንቱታው ባይኖር ይህ ምሬት አይሰማም። ጎንደር ላይ ነገሥታቱ በስም ብቻ ተቀምጠው ራሶቹ የሚገዙበትን ዘመነ መሳፍንት የሚያውቅ አድማጭ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ተራኪው ራሱስ? እኔ ሊዩ ቤይን 221 ላይ እስኪነግሥ ድረስ «እሱ» እለዋለሁ። ከነገሠ በኋላ «እሳቸው»። አንድ አድማጭ «ምነው ድንገት ራቅክብን?» ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነው፣ ራቁ። ዙፋን ላይ ወጡ እኮ።

አንድ ክፍል ከመጽሐፍ ወደ ድምፅ እንዴት ይመጣል?

ምሳሌ ልስጣችሁ። ምዕራፍ 5። ዶንግ ጁዎ የሚባለውን አምባገነን ለመጣል የተሰበሰቡ የጦር አበጋዞች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ውጭ ኋ ሾንግ የተባለ የጠላት ጀግና «ውጡልኝ» እያለ ይጮሃል። ሁለት አዛዦች ወጡ፤ ሁለቱም ተገደሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። በዚህ መሀል ማንም የማያውቀው ሰው ከኋላ ተነሥቶ «እኔ ጭንቅላቱን አመጣለሁ» አለ። ጓን ዩ ነው። ማዕረጉ ሲጠየቅ ተራ ፈረሰኛ ቀስተኛ ሆኖ ተገኘ። አንዱ አበጋዝ «አስወጡት!» ብሎ ተቆጣ። ጻኦ ጻኦ ግን ሰውየውን አየና የሞቀ መጠጥ ቀዳለት። ጓን ዩ «ይቀመጥ፣ ስመለስ እጠጣዋለሁ» ብሎ ወጣ።

አሁን ልብ በሉ። መጽሐፉ ውጊያውን አያሳየንም። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ቀርተናል። ከበሮ ይሰማል። ጩኸት ይሰማል፤ ሰማይ የተደረመሰ፣ ምድር የተሰነጠቀች ይመስላል። ሁሉም ደንግጦ ሰው ሊልክ ሲል የፈረስ ቃጭል ድምፅ ቀረበ። ጓን ዩ ገባ። ጭንቅላቱን መሬት ላይ ጣለው። መጠጡ ገና አልቀዘቀዘም።

ይህ ትዕይንት ለሬዲዮ የተጻፈ ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ሁሉ ነገር በጆሮ ነው። መጀመሪያ ስሠራው ግን ብልጥ ነኝ ብዬ ውጊያውን ከራሴ ፈጥሬ ጨምሬበት ነበር። ፈረሶቹ ተጋጩ፣ ሰይፉ ብልጭ አለ፣ ምናምን። ትዕይንቱ ሞተ። አውጥቼ ጣልኩትና በቦታው አምስት ሰከንድ ዝምታ አስገባሁ።

የምሠራው እንዲህ ነው፦ ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አነባለሁ። መጽሐፉን እዘጋለሁ። ስልኬን ከፍቼ ለእህቴ እንደማወራ ሆኜ አወራዋለሁ። የረሳሁት ነገር ብዙ ጊዜ መረሳት ያለበት ነው። ከዚያ ቀረጻውን ሰምቼ ስክሪፕት እጽፋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ስሞቹንና ዓመቶቹን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክራለሁ። መጽሐፉን ፊት ለፊት ከፍቶ የሚጽፍ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ይረዝምበታል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል።

መጠጡን «ጠጅ» ለምን አላልክም ያላችሁኝም አላችሁ። ጠጅ የሚያሞቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታሪኩ እውነት ነው?

የ18ኛው መቶ ዘመን ታሪክ አዋቂው ጃንግ ሹዌቼንግ መጽሐፉን «ሰባት እጅ እውነት፣ ሦስት እጅ ፈጠራ» ብሎታል። ችግሩ ጣፋጩ ሁሉ ሦስቱ እጅ ውስጥ ነው። ከላይ ያለውን ትዕይንት ውሰዱ። ኋ ሾንግ በእርግጥ የኖረ ሰው ነው፤ በ191 የገደለው ግን ከአበጋዞቹ አንዱ የነበረው የሱን ጂየን ጦር ነው። ጓን ዩ እጁ የለበትም። ጁገ ልያንግ ገለባ የጫኑ ጀልባዎች በጉም ውስጥ ልኮ ከጠላት መቶ ሺህ ፍላጻ የሚሰበስብበት ዝነኛ ብልሃትም እንዲሁ የልቦለድ ነው። በ208 የተደረገው የቀይ ገደል ጦርነትና የጻኦ ጻኦን መርከቦች ያነደደው እሳት ግን እውነት ናቸው።

ዋናው የታሪክ ምንጭ ቼን ሾው በ3ኛው መቶ ዘመን የጻፈው መዝገብ ነው፤ በ429 ፔይ ሶንግጂ ሰፊ ማብራሪያ ጨመረበት። እዚያ ያለው ጻኦ ጻኦ የተዋጣለት አስተዳዳሪና ባለቅኔ ነው፤ ግጥሞቹ ዛሬም ይነበባሉ። ልቦለዱ ተንኮለኛ አደረገው። ቻይናዎች ስሙን ያነሡት ሰው ድንገት ሲመጣ «ጻኦ ጻኦን ሲያነሡት ጻኦ ጻኦ ደረሰ» ይላሉ። እኛ «ዕድሜህ ረጅም ነው» እንደምንለው፣ ግን ትንሽ ሻከር ያለበት።

እኔ በትረካው መሀል «ይሄ ውሸት ነው» ብዬ አላቋርጥም። ተረት እየሰማ ያለን ሰው መቀስቀስ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ አስቀምጣለሁ፤ የፈለገ ይሰማል፣ ያልፈለገ ይዘጋል። በ2014 የጀመረውና 120ውንም ምዕራፍ የጨረሰው የእንግሊዝኛ ፖድካስት ደግሞ ስለ እውነተኞቹ ሰዎች የሚያወሩ የተለዩ ተጨማሪ ክፍሎች አሉት። ያም ጥሩ መንገድ ነው።

ልጆች አብረው ቢሰሙስ?

እየመረጣችሁ። እነዚህ መጻሕፍት ጨካኝ ናቸው። ምዕራፍ 19 ላይ አንድ ድሃ አዳኝ ለሊዩ ቤይ የሚያቀርበው ሥጋ ሲያጣ ሚስቱን ገድሎ ያበላዋል። «የውኃው ዳርቻ» ውስጥ ያ የምንወደው ዉ ሶንግ በአንድ ሌሊት ገረዶችን ሳይቀር 15 ሰው ይገድላል።

ዘልዬ ላልፋቸው አስቤ ነበር። አዳኙ ለታሪኩ ቅርንጫፍ ነው፤ ቢቀር ማንም አያውቅም። ግን ቢቀር ሊዩ ቤይ ከእውነቱ የበለጠ ንጹሕ ይሆናል። ሰውየው አልቅሶ፣ አመስግኖ ነው የሄደው። መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁና በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩት። ሙዚቃ የለም፣ ማሳመር የለም።

ቻይንኛ ሳልችል ይቻላል? የባለቤትነት መብቱስ?

የኔ ቻይንኛ ምግብ ቤት ውስጥ ያልቃል። የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን ነው የማነበው፤ ቻይና የተማረ ጓደኛዬ ስሞቹንና ጥርጣሬ ያለብኝን ቦታ ያይልኛል።

መጽሐፉ ራሱ የማንም አይደለም፤ ደራሲው ከሞተ ስድስት መቶ ዓመት አልፏል። ትርጉሙ ግን የተርጓሚው ነው። በ1925 የታተመው የብሩዊት ቴይለር ትርጉም ነጻ ነው፤ ሰውየው የሞተው በ1938 ነው፣ በአሜሪካም ከ2021 ጀምሮ ነጻ ሆኗል። በ1991 የወጣው የሞስ ሮበርትስ ሙሉ ትርጉም ግን መብቱ የተጠበቀ ነው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ስለዚህ አዲሱን ትርጉም አንብባችሁ በራሳችሁ ቃል ታሪኩን መተረክ ይቻላል። ዓረፍተ ነገሩን እየተከተሉ ወደ አማርኛ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። መጽሐፉን ዝጉ ያልኩት ለዚህም ይጠቅማል።

የ1994ቱ ባለ 84 ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ሙዚቃ ያምራል። አትንኩት። መብቱ የሌላ ሰው ነው።

ስንት ክፍል ይፈጃል?

በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብትሉ 120 ሳምንት፣ ከሁለት ዓመት በላይ። እኔ አንዳንዱን ምዕራፍ ለሁለት እከፍላለሁ፣ አንዳንዱን ሦስቱን በአንድ እጠቀልላለሁ። ቀይ ገደልን አታጣድፉት። ከተማ ተከበበ፣ ከተማ ተያዘ የሚለውን ግን በአንድ ትንፋሽ እለፉት።

ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ስልክና ጸጥታ። ስልኩ ይገኛል። እኔ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን በር ከፍቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። አውራ ዶሮ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ሰዓቱን ከእሱ ጋር ተነጋገሩ።

የማንቂያ እንጨቷን ድምፅ ለመምሰል ዘነዘና ጠረጴዛ ላይ የመታሁበት ቀን ነበር። ማይኩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ የሰሙ ሰዎችን አሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዳ ዕቃዎችንና መለኪያዎችን እንዴት ታስረዳለህ?

ወደ እጅ በማምጣት። የጓን ዩ ጦረ ሰይፍ 82 ጂን (የቻይና የክብደት መለኪያ) ይመዝናል ይላል መጽሐፉ። «82 ጂን» ለማንም ምንም አይደለም። በዛሬው ጂን ሲሰላ 41 ኪሎ ነው። «ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ሊሆን 9 ኪሎ የቀረው ነገር በአንድ እጁ እያወዛወዘ» ስል አድማጭ ይስቃል፣ መሳቁም ተገቢ ነው። የንጉሥ ዘመን ስያሜዎችን ሙሉ በሙሉ ጥያቸዋለሁ፤ በዕድሜ ነው የምናገረው። ሊዩ ቤይ ጁገ ልያንግን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ወደ ሣር ቤቱ ሲመላለስ እሱ አርባ ስድስት ገደማ ነው፤ ወጣቱ ሃያ ስድስት ገደማ። ይህ ከዓመተ ምሕረት በላይ ይናገራል።

ከየት ይሰማል? ዳታ አይበላም?

በፖድካስት መተግበሪያዎች፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም። አገር ቤት ያሉት አብዛኞቹ ከቴሌግራም ዳውንሎድ አድርገው ነው የሚሰሙት፤ ስለዚህ ፋይሉን አቀልለዋለሁ። ለሰው ድምፅ ብቻ ሞኖ 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ ሠላሳ ደቂቃው 14 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በእጥፉ ብትጭኑት ጥቅሉን የሚከፍለው አድማጩ ነው።

ገንዘብ አለው?

የለውም። ቀጥሎ።

አጀማመሩና አጨራረሱስ?

በ«ተረት ተረት» ጀምሬ «የላም በረት» የሚል ሰው አጣሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አሁን ያለፈውን በአርባ ሰከንድ እከልሳለሁ፤ መሀል ላይ የሚገባ አዲስ ሰው ሁልጊዜ አለ። መጨረሻው ላይ ግን የጥንቶቹን ቃል ነው የምጠቀመው፦ «ቀጥሎ የሆነውን ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚቀጥለውን ክፍል ስሙ»። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የምለው ሁሉም ሲያልቅ ነው።

ዋናዎቹ ሰዎች ሲሞቱ አድማጭ አይሸሽም?

ይህ የመጽሐፉ እውነተኛ ችግር ነው። ጓን ዩ ምዕራፍ 77 ላይ ይሞታል። ጃንግ ፌይ 81 ላይ። ሊዩ ቤይ 85 ላይ። ጁገ ልያንግ 104 ላይ። ከዚያ በኋላ ገና 16 ምዕራፍ አለ፣ ያውም የልጅ ልጆች የሚዋጉበት። በመጨረሻ ከሦስቱ መንግሥታት አንዱም አያሸንፍም፤ ጂንን የመሠረተው የሲማ ቤተሰብ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። እነዚያን 16 ምዕራፎች በአምስት ክፍል ልጨርሳቸው አስቤያለሁ። የሚከፋው ካለ ከወዲሁ ይንገረኝ።

አሁን ምዕራፍ 63 ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አድማጭ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ኋላ ላይ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ድስት ላይ የሆነ ነገር እየተንጨረጨረ ነው። «ጓን ዩ እንደሚሞት አንድ ሰው ነገረኝ» አለች። «እባክህ፣ ቢያንስ ከበዓሉ በኋላ አድርገው።»

14 ምዕራፍ ቀርቶታል። ቀን መቁጠሪያውን አየሁት። ይደርሳል።